ያገለገለ የምግብ ዘይት ለአይሱዙ ይሆናል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ

ቺፕስ ቤት ሳሪስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳሪስ አካባቢ ትንሽ የቺፕስና የሳምቡሳ ቤት አለችኝ። ከከፈትኳት ሁለት ዓመት አልፏታል። ጥያቄዬ ስለ ዘይት ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በሳምንት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የፓልም ዘይት እጨርሳለሁ። ድንቹ ጠጥቶት የሚተርፈው ወደ 25 ሊትር ይሆናል። ጥቂት ቀን ከጠበስኩበት በኋላ ይጠቁራል፣ ሽታው ይለወጣል። ያኔ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ቦይ ውስጥ ነበር የምደፋው። ጉዳቱን አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ቦዩ ተደፈነ። ሲከፈት የወጣው እንደ ሻማ የደረቀ ነጭ ነገር ነው። የኔው ዘይት። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ውሃው ቤቷ ገብቶ የሰው ጨርቅ አበላሸባት። ካስኳት፤ ግን እስካሁን ሳያት አፍራለሁ።

ከዚያ አንድ ሰው በሊትር እየለካ ይገዛኝ ጀመር። ለሳሙና ነው አለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን መንገድ ዳር ለሚጠብሱ መልሶ እንደሚሸጠው ሰማሁ። ስጠይቀው አልካደም። «ያው ዘይት አይደል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሊትር አልሸጥኩለትም። ያንን ጥቁር ዘይት ከትምህርት ቤት የሚወጡ ልጆች ሊበሉት? አላደርገውም።

አሁን ከኩሽናው ጀርባ ስምንት ጀሪካን ሞልቶ ተደርድሯል። ወንድሜ ደግሞ በአሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር ከሻሸመኔ ድንች ያመጣል። በሳምንት ሁለቴ ይመላለሳል። አንዳንዴ ናፍጣ ሰልፍ ላይ ያድራል፤ ድንቹ እስኪመጣ እኔ ቤት ዘግቼ እቀመጣለሁ። አንድ ጓደኛው «ውጭ አገር በምግብ ዘይት መኪና ይነዳሉ፣ አጥልለህ ታንከሩ ውስጥ ጨምረው» ብሎታል። ወንድሜ ጓጉቷል። እኔ ፈርቻለሁ፤ ያ መኪና የሁላችንም እንጀራ ነው።

እውነት ይሠራል? ባዮዲዝል የሚሉት ይሄንን ነው? ለአየሩም ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እንዴት ነው የሚሻለው? አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብርድ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ዘይቱ ጀሪካኑ ውስጥ ረግቶ አገኘዋለሁ። እሱም አሳስቦኛል።


ሹፌሩ ከሚኒሶታ

እህቴ፣ ዛሬውኑ ደውለሽ ወንድምሽን አስቁሚው። ጥሬ ዘይት ታንከር ውስጥ እንዳይጨምር።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ጎፋ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ የናፍጣ ፓምፕና ኖዝል ነበር የምሠራው። አንድ ቀን የሆቴል ጄኔሬተር አመጡልን። ባለቤቱ ናፍጣ ባጣ ቁጥር የምግብ ዘይት ሲሞላበት ከርሟል። ኖዝሉን ፈታሁት። ጫፉ ላይ ከሰል ተጋግሮበታል። የፒስተኑ ፋሻዎች ከቦታቸው ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ። ሰውየው ግን «ወር ሙሉ ያለ ችግር ሠርቶልኛል» ይላል። አልዋሸም። መጀመሪያ ላይ ይሠራል፤ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ውፍረቱ ነው። የምግብ ዘይት ከናፍጣ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ኖዝል ነዳጁን እንደ ጉም መርጨት አለበት። ዘይቱ ግን እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ጠብታው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፣ ከሰል ሆኖ ይቀራል። የዲዝል ሞተር በፈረንጆቹ 1900 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ በለውዝ ዘይት ተነስቶ ታይቷል፤ ወሬውም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አለ። የዛሬ ፓምፕ ግን ለቀጭን ነገር የተሠራ ነው።

ባዮዲዝል ሌላ ነው። እሱም ከዘይት ይወጣል፤ ግን በኬሚካል ተሠርቶ ከቀጠነ በኋላ ነው። እኔ በየቀኑ ነው የምነዳበት። እዚህ ሚኒሶታ ሕግ አለ። በፈረንጆቹ 2005 ነዳጅ ማደያ ሁሉ ናፍጣው ውስጥ 2 በመቶ ባዮዲዝል እንዲቀላቅል ግድ ሆነ። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው ክፍለ ግዛት ነው። ከዚያ 5፣ ከዚያ 10፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሞቃቱ ወራት 20 በመቶ ሆነ። ፓምፑ ላይ «ቢ 20» የሚል ምልክት አለው። ክረምት ሲገባ ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ምክንያቱን በኋላ እነግርሻለሁ፤ ካነሳሽው መርጋት ጋር ይገናኛል።

ኢንተርስቴት 35 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ከሚኒያፖሊስ ወደ ደሞይን እመላለሳለሁ። ቢ 20 ሲጀመር በሁለተኛው ሳምንት መኪናዬ ጉልበት አጣ። ዳር ይዤ ወርጄ ፊልትሮውን ፈታሁ። ጥቁር ጭቃ ነው። መጀመሪያ ባዮዲዝሉን ረገምኩት። ነገሩ ሲገባኝ ጭቃው የራሴ ታንከር የዓመታት ቆሻሻ ነው። ባዮዲዝል ያጥባል። ቱቦ ውስጥ፣ ታንከር ውስጥ የተጋገረውን ይፈነቅልና ፊልትሮ ላይ ያከማቸዋል። ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ከወር በኋላ አንዴ ደገምኩት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ምክንያት መንገድ ላይ ቆሜ አላውቅም። ፓምፑንም ያለሰልሰዋል። ናፍጣ ድኝ ሲወጣለት የማለስለስ አቅሙ ይቀንሳል፤ 2 በመቶ ባዮዲዝል ብቻ ይመልስለታል። ለፓምፕ ሠራተኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ አየሩ ለጠየቅሽው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2002 ባወጣው ጥናት፣ በቢ 20 ከጭስ ማውጫ የሚወጣው ጥላሸት ወደ 10 በመቶ ይቀንሳል፣ ያልተቃጠለው ጋዝ ደግሞ 20 በመቶ ገደማ። ሙሉ በሙሉ ባዮዲዝል ከሆነ ጥላሸቱ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። አንድ የሚጨምር ነገር አለ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ። በቢ 20 ወደ 2 በመቶ ነው። አዳዲሶቹ ሞተሮች ጭሱ ላይ በሚረጭ የዩሪያ ፈሳሽ ያጠፉታል፤ የወንድምሽ አሮጌ አይሱዙ ግን አያጠፋውም። ይሄንንም ማወቅ አለብሽ።

ጭሱ ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ያ ካርቦን ሚሊዮን ዓመታት መሬት ውስጥ የተቀበረ ነበር። ከዘይት የሚወጣው ካርቦን ግን አምና ተክሉ ከአየር የወሰደው ነው፤ ተመልሶ ወደ አየር ሄደ። ለማሳውም፣ ለማጓጓዣውም፣ ለፋብሪካውም የሚቃጠል ነዳጅ ስላለ ዜሮ አይሆንም። በአኩሪ አተር የተሠራው ተሰልቶ ከናፍጣ 74 በመቶ ያነሰ ነው ይላሉ። ያንቺ ደግሞ የሚደፋ ዘይት ነው፤ ለሱ ብሎ አዲስ መሬት ያረሰ የለም። ለዚህ ነው የኔን ሳይሆን ያንቺን የምወደው።

ገንዘቡን በግልጽ ልንገርሽ። የባዮዲዝል ጉልበቱ ከናፍጣ 8 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ በቢ 20 ሲሆን 1 ወይም 2 በመቶ ነው፣ መሪ ላይ ሆኜ አይታወቀኝም። ዋጋው እዚህ የቆመው በመንግሥት እጅ ነው። ከ2005 እስከ 2024 መጨረሻ፣ መሐል መሐል እየተቋረጠም ቢሆን፣ ለሚቀላቅለው በጋሎን አንድ ዶላር የግብር ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ተጠቃሚው ገበሬው ነው። አኩሪ አተሩ ሲጨመቅ ፋጉሎው ለከብት መኖ ይሸጣል፣ ዘይቱ ይተርፍ ነበር። አሁን ገዢ አገኘ። ሴንት ፖል ምግብ ቤት ያላት የአክስቴ ልጅ ድሮ ያገለገለ ዘይት ለሚያነሱላት ትከፍል ነበር። አሁን እነሱ ናቸው የሚከፍሏት። ጀርባ ያለው በርሜል ቁልፍ ተበጅቶለታል፤ ሌሊት የሚሰርቁ አሉ። አንቺ ቦይ ውስጥ የደፋሽው ነገር እዚህ ይሰረቃል።


መምህር

እንደምን አላችሁ። እኔ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፣ አዲስ አበባ ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ከግቢው ካፌ ያገለገለ ዘይት እየወሰድን ባዮዲዝል ሠርተናል፤ ስለዚህ ባየሁት ልናገር። ሹፌሩ ያለው ሁሉ ልክ ነው።

ልጄ፣ ዘይት ማለት ሦስት ረጃጅም ጭራዎች አንድ ራስ ላይ ተያይዘው ነው። ራሱ ግሊሰሪን ነው። እኛ የምናደርገው ጭራዎቹን ከራሱ ማላቀቅ ነው። ሜታኖልና ኮስቲክ ሶዳ ይጨመርበታል፣ ከ60 ዲግሪ ሳያልፍ እየሞቀ ይማሰላል። ሲያድር ለሁለት ይከፈላል። ከታች ጥቁር ወፍራም ግሊሰሪን፣ ከላይ ማር የመሰለ ቀጭን ባዮዲዝል። ተማሪዎቼ ጠዋት መጥተው ያንን መስመር ሲያዩት የሚያሰሙት ድምፅ ነው እስከ ዛሬ ማስተማር እንድወድ ያደረገኝ። ከ100 ሊትር ዘይትና ከ20 ሊትር ገደማ ሜታኖል ወደ 100 ሊትር ባዮዲዝል ይወጣል። ካገለገለ ዘይት ትንሽ ያንሳል።

ያንቺ ዘይት ሁለት ጠባይ አለው። ብዙ ስለተጠበሰበት አሲድ አለው፣ ከድንቹ ደግሞ ውሃ ገብቶበታል። ሁለቱም ነገሩን ወደ ሳሙና ይወስዱታል። ስለዚህ አስቀድሞ ውሃው እንዲወጣ ይሞቃል፣ አሲዱ ይለካል፣ የኮስቲክ ሶዳው መጠን በዚያ ይወሰናል። ሳይለኩ መሥራት ገንዘብ ማቃጠል ነው።

አሁን የምለውን ግን ደጋግመሽ አንብቢው። ሜታኖል መርዝ ነው። አረቄ ውስጥ ገብቶ ሰው ገደለ፣ ዓይን አጠፋ ሲባል የምንሰማው እሱ ነው። መጠጣት ብቻ አይደለም፤ ትነቱም፣ በቆዳ መግባቱም ይጎዳል። ሲነድ ደግሞ በቀን ብርሃን ነበልባሉ አይታይም። ምድጃ ባለበት ኩሽና፣ ልጅ በሚሮጥበት ግቢ በፍጹም አይሠራም። ከሰው ራቅ ያለ፣ አየር የሚገባበት፣ እሳት የሌለበት ቦታና የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ወጪውን የሚወስነውም ሜታኖሉ ነው፤ ከውጭ ነው የሚገባው። ከስኳር ፋብሪካዎቻችን ሞላሰስ የሚወጣው ኤታኖል ሊተካው ይችላል፤ ከፈረንጆቹ 2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የነበረው ማለት ነው። እሱ ግን ጠብታ ውሃ ካለው እምቢ ይላል፣ መለያየቱም ያስቸግራል። ሞክረነዋል፤ ሦስቴ ሳሙና ሆኖብን አራተኛው ላይ ወጣ።


ኤሌክትሪክ ነው የሚያዋጣው

ይቅርታ ግን ለምን ትደክማላችሁ? መንግሥት በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። ኃይል ከራሳችን ግድብ አለን። ነገ ሁሉም ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ ዘይት ማብሰል ወደ ኋላ መሄድ ነው።


ሹፌሩ ከሚኒሶታ

ወንድሜ፣ ለቤት መኪና ልክ ነህ፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ከጅቡቲ የሚመጣውን ከባድ መኪና አስበው። ትራክተሩን፣ የመንገድ ሥራ ማሽኑን፣ የሆስፒታል ጄኔሬተሩን አስበው። እነሱ ገና ብዙ ዓመት ናፍጣ ይጠጣሉ። ናፍጣው ደግሞ እያንዳንዱ ሊትር በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ነው። ባዮዲዝል ያንን ሁሉ ይተካል አላልኩም። ከዚያው ከተማ የሚደፋውን ዘይት ከሰበሰብን ግን ያ ድርሻ በዶላር አይገዛም፣ ወንዝም አይገባም።

እህቴ፣ የመርጋቱን ነገር ረስቼው። ጥሩ ነው ያስተዋልሽው። የፓልም ዘይት ባዮዲዝል ከሆነም በኋላ መርጋቱን አይተውም። ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ መደፍረስ ይጀምራል። የአኩሪ አተሩ እስከ 0 ገደማ ይታገሣል። እዚህ ጥር ላይ ከዜሮ በታች 25 ስለሚደርስ ነው ክረምት ወደ 5 በመቶ የሚያወርዱት። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች። ወንድምሽ ንጹሑን ባዮዲዝል ሞልቶ ቢያድር ጠዋት ፊልትሮው ይታነቃል። ስለዚህ መቀላቀል ነው፣ ከ20 በመቶ ሳያልፍ።

አንድ ሂሳብ ሠርቼልሻለሁ። ሻሸመኔ ደርሶ መልስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሮጌ ኤንፒአር በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 70 ሊትር ይፈልጋል። 20 በመቶው 14 ሊትር። በሳምንት ሁለቴ 28 ሊትር። ያንቺ ትርፍ ዘይት 25 ሊትር ነው። ድንቹን የጠበሰው ዘይት ድንቹን ሊያመጣ ትንሽ ነው የጎደለው። ይህን ሳሰላ በጣም ነው ደስ ያለኝ።


የባቲ ልጅ

እኔ ከሌላ በኩል ልናገር። ባዮዲዝል ሲባል ቤታችን የሚያስታውሰው ጃትሮፋን ነው። ባቲ ላይ ጃትሮፋ አጥር ነው። መርዝ ስላለው ከብት አይበላውም፣ ድርቅ ይችላል፣ የተቦረቦረ መሬት ይይዛል። አያቴ ፍሬውን በስንጥር ሰክታ እንደ ኩራዝ ስታበራው አይቻለሁ።

በፈረንጆቹ 2007 መንግሥት የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ። ለጃትሮፋና ለጉሎ ሰፊ መሬት ለባለሀብት ይሰጥ ጀመር። ተክሉ በደረቅ መሬት ያለ ውሃ ወርቅ ያፈራል ተባለ። በደረቅ መሬት ይበቅላል፣ እውነት ነው፤ ብዙ ፍሬ ግን አይሰጥም። ፍሬው በአንድ ጊዜ አይደርስም፣ በእጅ ይለቀማል። ብዙዎቹ ተዉት። ከሁሉ የሚቆጨኝ የባቢሌው ነው። የዝሆኖች መጠለያ ውስጥ መሬት ተመንጥሮ ጉሎ ተዘራበት። ዝሆን አባርሮ ለአካባቢ የሚጠቅም ነዳጅ የለም። የጉሎ ዘይት ደግሞ ወፍራም ነው፤ ለቅባትና ለፋብሪካ ቢሸጥ ከነዳጅ የበለጠ ዋጋ ያወጣል።

ስለ ፓልም ከተነሳ አይቀር፣ ኢንዶኔዥያ በ2020 ናፍጣዋ ውስጥ 30 በመቶ የፓልም ባዮዲዝል መቀላቀል ጀመረች። በ2022 ጸደይ ደግሞ የፓልም ዘይት ወደ ውጭ መላክ ለሳምንታት ከለከለች። ያኔ እዚህ ዘይት እንዴት እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። የሚበላ ዘይት ነዳጅ ሲሆን ጉሮሯችን ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የእህታችንን ሐሳብ የምደግፈው ከተበላ በኋላ የተረፈ ስለሆነ ብቻ ነው።

አንድ ደስ የሚለኝን ልጨምር። እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጎመን ዘር ፈረንጆቹ ካሪናታ ይሉታል። በፈረንጆቹ ጥር 2018 ካንታስ የሚባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ አንድ አውሮፕላን ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር ከነዳጁ 10 በመቶው ከዚሁ ዘር ዘይት የተሠራ ነበር። እነሱ ከምግብ ሰብል በኋላ ባዶ በሚያድር መሬት ላይ ይዘሩታል። አሠራሩ ከባዮዲዝል ይለያል፣ ዘሩ ግን የኛው ነው።


ቺፕስ ቤት ሳሪስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወንድሜን ወዲያው ደወልኩለት። ግማሽ ጀሪካን አጥልሎ አዘጋጅቶ ነበር። አልጨመረውም፣ ተመስገን።

ከናንተ መልስ በኋላ ሁለት ነገር አደረግሁ። መጀመሪያ በኛ መንገድ ያሉትን ቺፕስ ቤቶች ዞርኩ። አምስት ነን። ሁለቱ ዘይታቸውን እንደማይደፉትና ለዚያ ሰውዬም እንደማይሸጡት ነገሩኝ፣ ያስቀምጡልኛል። አንዷ አስባለሁ ብላለች። አንዱ ግን ልጅ ማሳደጊያ ነው፣ የሊትሩን ብር አልተውም አለኝ። አልፈረድኩበትም። የሚያዋጣ ዋጋ ከሰጠሁት እንደሚመጣ ነግሮኛል። ሁለተኛ፣ ኩሽናዬ ውስጥ እንደማልሞክረው ወስኛለሁ። መምህር፣ የሜታኖሉን ነገር ሦስቴ አነበብኩት። ወንድሜ ቃሊቲ በኩል መኪናውን የሚያሳድርበት ሰፊ ግቢ አለ፣ ቤት አጠገቡ የለም። ለዚያም ቢሆን እርስዎ ሳያዩት አንጀምርም።

ፈቃድዎ ከሆነ ሁለት ሊትር በንጹሕ ጠርሙስ ይዤ እመጣለሁ፣ አሲዱን ይለኩልኝ። ከየትኛው ጀሪካን ልቅዳ? አሮጌው በጣም ጠቁሯል።


መምህር

ከአሮጌውም ከአዲሱም ለየብቻ አምጪ፣ አትቀላቅያቸው። ጠርሙሱ ላይ መቼ እንደወጣ ጻፊበት። ሐሙስ ከሰዓት ላቦራቶሪው ክፍት ነው፤ አድራሻውን በግል መልእክት እልክልሻለሁ። ወንድምሽም ይምጣ፤ ሲሠራ ማየት አለበት። ግሊሰሪኑን ደግሞ እንዳትጥሉት፤ ሜታኖሉ በደንብ ከወጣለት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ የምታጥብበት ሳሙና ይሆናል።


ቺፕስ ቤት ሳሪስ

እሷን ስላስታወሱልኝ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያው ሳሙና የሷ ነው።

ሹፌሩ ወንድሜ፣ አንድ የቀረኝ፦ የአይሱዙው የነዳጅ ቱቦ አሮጌ ጎማ ነው። ከአሁኑ ይቀየር?


ሹፌሩ ከሚኒሶታ

አዎ፣ መጀመሪያ እሱ ይቀየር። የድሮ የተፈጥሮ ጎማ በባዮዲዝል ይለሰልስና ያንጠባጥባል። ቫይተን የሚባለውን ጠይቁ፤ ካጣችሁ መካኒኩ ባዮዲዝል የሚችል ቱቦ ይፈልግላችሁ። በ5 በመቶ ጀምሩ፣ ወር ቆይታችሁ ወደ 10። ሁለት ትርፍ ፊልትሮና የፊልትሮ መፍቻ ከመቀመጫው ሥር ይኑር። ዝዋይን ሳያልፍ ጉልበት ካጣ አትደንግጡ፤ ታንከሩ እየታጠበ ነው።